ብረቱና ቃሉ፦ የድሬዳዋ አሮጌ ባቡር ጣቢያ እንደ ቤተ መዘክር

1. መግቢያ

ቤተ መዘክር ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የመስተዋት ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠ ዘውድ ወይም ካባ፣ ከሥሩም የተጻፈ አጭር መግለጫ ነው። በድሬዳዋ ከተማ የሚገኘው አሮጌ የባቡር ጣቢያና ከእሱ ጋር የተያያዘው የጥገና ወርክሾፕ ግን ከዚህ ዓይነቱ ቤተ መዘክር የተለየ ነው። እዚያ ዕቃው ከሥራ ቦታው አልተነሣም። ቶርኖው ብረት ሲቀርጽበት በኖረበት ወለል ላይ ቆሟል፤ ፉርጎው በተገፋበት ሐዲድ ላይ ዝጓል። ጎብኚው የሚያየው ለእይታ ተመርጦ የመጣ ነገር ሳይሆን ሥራው ያቆመበትን ሁኔታ ነው።

ስለዚህ ባቡር ሐዲድ የፖለቲካና የኢኮኖሚ ታሪክ በርካታ ጥናቶች ተደርገዋል። የእነሱን ፈለግ ተከትሎ ሌላ ዝርዝር ማቅረብ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እኔ የማነሣው ጥያቄ ለቋንቋና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የቀረበ ነው። ይኸውም በዚያ ጣቢያ ውስጥ ብረቱ ሲጠበቅ ከብረቱ ጋር የኖረው ቃልስ ማን ይጠብቀዋል? የሚል ነው። ጥያቄውን ለመመለስ በመጀመሪያ ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ባጭሩ እገልጻለሁ፤ ቀጥሎ ባቡሩ ወደ አማርኛ ያስገባቸውን ቃላት እመረምራለሁ፤ በመጨረሻም የሥነ ጽሑፋችን ሰዎች ከሐዲዱ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ተመልክቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

2. የሥራው ክብደት

አፄ ምኒልክ ባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ነው። በፈቃዱ የታሰበው መንገድ ሦስት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ከጅቡቲ ተነሣ።

ዐቅዱ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ምድሩ ግን ሌላ ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው አዲስ አበባ የሚወጣ ሐዲድ መጀመሪያ ውሃ በሌለበት በረሃ፣ ቀጥሎ በገደልና በሸለቆ ማለፍ ነበረበት። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ያለ ውሃ አይሄድም። ስለዚህ ጣቢያ የሚቆመው ሰው በሚበዛበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ውሃ በሚገኝበት ወይም ሊመጣ በሚችልበት ቦታም ነበር። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር እንዲሆን መደረጉም ከዚሁ የመነጨ ነው። ጠባብ ሐዲድ በተራራ ጥግ በቀላሉ ይጠመዘዛል፤ ወጪውም ያነሰ ነው፤ በአንጻሩ የሚሸከመው ጭነትና የሚሄድበት ፍጥነት የተወሰነ ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው ውሳኔ የሐረር ጉዳይ ነበር። ሐረር የንግድ ማእከልና የራስ መኰንን መቀመጫ ስለሆነች ባቡሩ ወደዚያ መድረሱ የሚጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ ከተማዋ ከፍ ካለ ተራራ ላይ ተቀምጣለች፤ ሐዲዱን ወደዚያ ለማውጣት የሚጠይቀው ገንዘብ ከኩባንያው አቅም በላይ ሆነ። መሐንዲሶቹ ሐረርን ትተው ከተራራው ግርጌ ያለውን ሜዳ መረጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እዚያ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተወለደ። ይቺ ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ለመባል ታስባ ነበር። ነገር ግን ስሙ አልጸናም፤ የቦታው ነባር ስም ድሬዳዋ አሸነፈ። እንግዲህ ድሬዳዋ ከዳገት አስቸጋሪነት የተወለደች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት የሦስትዮሽ ውል ውስጥ የባቡሩ ነገር ዋና ቦታ ያዘ፤ ባለቤቲቱ አገር ግን በውሉ አልተካፈለችም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ ሐኪም ለነበሩት ለጓዴሎፑ ተወላጅ ለዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሥራውም ቀጠለ። ሐዲዱ ከድሬዳዋ በኤረር፣ በጎታ፣ በአፍደም፣ በሚኤሶና በአሰቦት አድርጎ፣ የአዋሽን ሸለቆ በድልድይ ተሻግሮ፣ በመተሐራ የፈንታሌን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አቋርጦ፣ በወለንጪቲ፣ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም በኩል አቃቂ ገባ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሥራው ከተጀመረ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

የዚህን ሥራ ውጤት ለመገንዘብ የጊዜ ንጽጽር ይበቃል። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ጉዞ ወደ ሦስት ቀን ወረደ። በቀደመው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። አዋሽ ላይ ማደር የተለመደ ነገር ስለነበረ ቦታው ራሱ እንግዳ ተቀባይ ከተማ ሆነ።

3. ምድር ባቡር፦ የቃሉ ታሪክ

ድሬዳዋ ላይ የሚታየው ብረት የተሠራው በአውሮፓ ነው። ቃሉ ግን ከብዙ ወገን መጥቶ እዚሁ ተሠራ። ለዚህ ዋናው ምስክር «ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ቃሉ እንፋሎት ከሚል የሮማውያን ልሳናት ቃል ተነሥቶ በቀይ ባሕር አካባቢ በዐረብኛ አፍ በኩል ወደኛ እንደመጣ ይታወቃል። በመጀመሪያ የእንፋሎት መርከብ መጠሪያ ነበር። ለዚህም ነው አማርኛ የሐዲዱን ባቡር ለይቶ ለመጥራት «ምድር ባቡር» ያለው። አንድ ነገር በምድር ላይ ስለሚሄድ «የምድር» ተብሎ የሚለየው በባሕር ላይ የሚሄድ ሌላ ዓይነት አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። በዚህ ሁለት ቃል ብቻ በተሠራ ስም ውስጥ ባሕር የሌለው ደገኛ የባሕሩን መርከብ በወሬ ያውቅ እንደነበረ እናነባለን።

ቃሉ እዚያ ላይ አልቆመም። በገጠር እህል የሚፈጭ ሞተር «ባቡር» ይባላል፤ «እህል ባቡር ቤት ወሰድኩ» ሲባል ለማንም ግልጽ ነው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫም በሕዝቡ አፍ «ሰርኪስ ባቡር» ሆነ። ከዚህ እንደምንረዳው በአማርኛ «ባቡር» የአንድ ዕቃ ስም ብቻ አልነበረም፤ እሳትና ውሃ አንድ ላይ ሆነው የሚያንቀሳቅሱት ማናቸውም ብረት መጠሪያ ነበር። ሕዝቡ ዕቃውን የመደበው በመልኩ ሳይሆን በኃይሉ ምንጭ ነው። ይህ የመደብ አሠራር ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ቀድሞ በአማርኛ የተሰጠ የፊዚክስ ትርጓሜ ነው ብል ስሕተት አይመስለኝም።

ሁለተኛው ቃል «ሐዲድ» ነው። በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። አማርኛ «ብረት» የሚል የራሱ ቃል እያለው የውጭውን የወሰደው ቃሉ ለአዲስ ዓይነት ብረት እንዲሆነው ነው፤ ማለትም መንገድ ለሆነ ብረት። በአማርኛ ሐዲድ ማለት የተዘረጋ ብረት እንጂ በጠቅላላው ብረት አይደለም። ስለዚህ ቃሉ ሲገባ ትርጉሙ ጠበበ።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስገርመኝ «ለገሃር» ነው። በፈረንሳይኛ ጣቢያውን የሚያመለክተው «ላ ጋር» የሚለው ሐረግ አንድ ቃል ሆኖ የቦታ ስም ሆነ። መስተአምሩ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ይሁንና ስሙ እንዲህ በቀላሉ የተደላደለው ለጆሮ እንግዳ ስላልነበረ ይመስለኛል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከኦሮምኛ የመጡ ለገጣፎን፣ ለገዳዲን የመሰሉ የቦታ ስሞች አሉ፤ በእነዚህ ውስጥ «ለገ» ወንዝን ያመለክታል። «ለገሃር» ከእነዚህ አጠገብ ሲቆም ወንድማቸው ይመስላል። የፈረንሳይኛው ሐረግ በኦሮምኛው ስም ሻጋታ ገብቶ በአማርኛ ፊደል ተጻፈ። ከአንድ ቃል ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚነበብበት እንዲህ ያለ ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

በዚሁ መንገድ የገቡ ሌሎችም አሉ። «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በምንጩ ለዕቃ መጫኛ ብቻ የነበረ ነው፤ በኛ አፍ የሰውንም የዕቃንም ጋሪ ጠቅልሎ ያዘ። በድሬዳዋ ኩባንያው «ሽመንደፈር» ይባል ነበር፤ ይህም የፈረንሳይኛው «የብረት መንገድ» ነው። ከኢጣልያ ወረራ ጋር የመጣችው በራስዋ ሞተር የምትሄድ ፉርጎ «ሊቶሪና» ተባለች። በወርክሾፑ ውስጥ ደግሞ «ቶርኖ»ን የመሳሰሉ የኢጣልያንኛ የሙያ ቃላት ከፈረንሳይኛው ጎን ተቀመጡ። እነዚህ ቃላት በተርታ ሲቀመጡ የሐዲዱን የባለቤትነት ታሪክ ይነግሩናል፤ መጀመሪያ ፈረንሳይ፣ ቀጥሎ ለአምስት ዓመት ኢጣልያ፣ እንደገና ፈረንሳይ ከኢትዮጵያ ጋር፣ በኋላም ኢትዮጵያ ከጅቡቲ ጋር።

4. ሐዲዱና ጸሐፊዎቻችን

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲጠና ስለ ማተሚያ ቤት ብዙ ይነገራል፤ ስለ ባቡር ግን እምብዛም አይነሣም። ሁለቱ ግን አይነጣጠሉም። ከውጭ የሚመጣው ወረቀት፣ ቀለምና ማተሚያ መሣሪያ፣ ተማሪውና ጋዜጣው ወደ መሐል አገር የሚገባበት ዋናው በር ይኸው መንገድ ሆኖ ነበር።

ከዚህም በላይ ዘመናዊውን የአማርኛ ድርሰት ከጀመሩት ሰዎች መካከል ከሐዲዱ ጋር በቅርብ የተገናኙ አሉ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል፤ በኋላም በድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ነበር። ያረፈው በ1911 ዓ.ም. ሲሆን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲነግድ ማን እንደሚጠቀም ያስረዳል። እኔ ይህን ሐሳብ በማነብበት ጊዜ ጸሐፊው የዕለት ሥራው ምን እንደነበረ ልረሳው አልችልም። የሚወጣውን ቆዳና ቡና፣ የሚገባውን ጨርቅና ብረት በየቀኑ የሚያይ ሰው ነበር። የንድፈ ሐሳቡ ምንጭ የጀርመን አገር ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን የድሬዳዋ የጭነት መጋዘንም ጭምር ነው የሚል እምነት አለኝ።

የ«ጦቢያ» ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ መምሪያ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ የንግግር መጽሐፍ ሮም ላይ አሳትሟል። በዚያ ዓመት ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር። ከባቡር ወርዶ በቅሎ የሚፈልግ እንግዳ ቋንቋ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለዚያ ክፍተት፣ ባቡር አልቆ በቅሎ ለሚጀምርበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

በአንጻሩ የጉዞውን ታሪክ በብዛት የጻፉት እንግዶች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። እንግሊዛዊው ኤቭሊን ዎ እ.ኤ.አ. በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል በዚሁ ባቡር መጥቶ ጉዞውን በመጽሐፍ አውጥቷል፤ ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬድም ስለዚሁ አካባቢ ደጋግሞ ጽፏል። እነሱ የጻፉት ከመስኮት ያዩትን ነው። ፍም የጫረው፣ ሐዲዱን በሌሊት የጠበቀው፣ ፍሬኑን የያዘው ሰው ያየውን ግን አልጻፉም፤ ሊጽፉም አይችሉም ነበር።

5. ብረቱ የማይናገረው

ቤተ መዘክር የሚያስታውሰውን ያህል የሚያስረሳም ነገር አለው። የሞተር ቁጥርና የፋብሪካ ስም በብረት ላይ ስለተቀረጸ ይቆያል። ከሶማሌ፣ ከአፋር፣ ከኦሮሞ፣ ከአማራ፣ ከጉራጌና ከዐረብ ወገን ተሰብስቦ በአንድ ግቢ ውስጥ የሠራው ሰው ስም ግን በብረት ላይ አልተቀረጸም። በአገራችን ቀደም ብለው ከተነሡት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ በእነዚህ የባቡር ሠራተኞች ዘንድ የተቋቋመ መሆኑ እዚያ ግቢ ውስጥ ከማሽን ሌላ ሐሳብም ይሠራ እንደነበረ ያመለክታል።

ሐዲዱ ያያቸው ቀኖችም አሉ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል በመግባቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። የመሐንዲሶችን ብልሃት የምናደንቅበት ቦታ የእነዚህን ሰዎች ነገር ሳያነሣ ቢቀር ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። በሕዝቡ ዘንድ ግን ነገሩ በለቅሶ፣ በግጥምና በወሬ ተቀምጧል፤ ይህም የቃል ሥነ ጽሑፍ አጥኚ ድርሻ ነው።

ጊዜው አጭር መሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው የአሮጌው ሐዲድ ጉዞ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቋርጧል። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጣቢያ ሕንፃ ባለበት ቢቆምም በዙሪያው በ2011 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠ ትልቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር ታቅዷል። በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሄዶ አሮጌውን መስመር ሲያስጨንቀው ኖሯል። በየመንገዱ ያለው ሐዲድም ቢሆን አንዳንዱ ተነቅሏል፣ አንዳንዱ በአፈር ተሸፍኗል።

እኔ በምኖርበት በሀና ማርያም ይህ ለውጥ ጎልቶ ይሰማል። አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር የከተማው መንገደኛ የሚሳፈርበት የለቡ ጣቢያ የሚገኘው በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። ይህ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራውን ጀመረ። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። እንፋሎት የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ሆኖም የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ባቡር» ይለዋል፤ መንግሥትም ድርጅቱን ሲያቋቁም «የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን» ብሎ ሰየመው። ብረቱ ሙሉ በሙሉ ተለውጦ ሳለ በእንፋሎት መርከብ ዘመን የተሠራው ስም እንዳለ ተሻገረ። የቃል ዕድሜ ከብረት ዕድሜ እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ይህ ማለት ግን ቃል ሁሉ በራሱ ይተርፋል ማለት አይደለም። የተረፉት ሕዝቡ በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የእንፋሎቱን ማሞቂያ ክፍሎች፣ የፉርጎ ማያያዣውን፣ የምልክት መብራቱን፣ የፉጨቱን ዓይነት፣ የሥራ ተራውን የሚጠሩት ቃላት ከሠራተኛው ግቢ ውጭ አልወጡም። እነዚህን የሚያውቁ ሰዎች አሁን በዕድሜ የገፉ ናቸው። አንድ አዛውንት ባለሙያ ሲያርፍ የሚጠፋው የእሱ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ በመዝገበ ቃላቶቻችን ያልገባ አንድ የሙያ አማርኛም አብሮ ይቀበራል።

6. መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ባቡር ሐዲድ ሁለት ዓይነት ቅርስ ትቶልናል። አንደኛው የሚታየው ነው፤ የድሬዳዋው ጣቢያና ወርክሾፕ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይጓዙበት የነበረው ፉርጎ፣ ድልድዩና ሕንፃው። ሁለተኛው የሚሰማው ነው፤ ቃሉ፣ ዘፈኑ፣ የአደጋው ለቅሶ፣ የሠራተኛው ጨዋታ። የመጀመሪያውን ለመጠበቅ መሐንዲስና የቅርስ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ግን የኛ የትምህርት ክፍል ሥራ ነው።

ስለዚህ የምጠቁመው ሐሳብ ይህ ነው። ለመመረቂያ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች ወደ ድሬዳዋ፣ አዋሽና አቃቂ ሄደው የጡረተኛ የባቡር ሠራተኞችን የሙያ ቃላት በድምፅ ይቅዱ፤ እያንዳንዱ ቃል ከየት እንደመጣ፣ በድሬዳዋ አፍ እንዴት እንደተለወጠ፣ ለምን ዕቃ እንደዋለ ይመዝግቡ። ሥራው በአማርኛ ብቻ ሊሠራ አይችልም፤ የሶማልኛ፣ የኦሮምኛና የፈረንሳይኛ ዕውቀት ያላቸው ተማሪዎች አብረው ሊሄዱ ይገባል፤ ሐዲዱም በእነዚህ ሁሉ ልሳናት ነውና የሠራው። የተሰበሰበው ድምፅና ጽሑፍ አንድ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው፣ ሌላው ቅጂ እዚያው በጣቢያው ይቀመጥ።

ያን ጊዜ በቶርኖው አጠገብ የሚቆም ጎብኚ ከብረቱ ጋር ብረቱን ያንቀሳቀሰውን ሰው ንግግር ሊሰማ ይችላል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ድሬዳዋ ላይ ያለን ቤተ መዘክር ግማሹ ዕቃ የጎደለበት ነው። የጎደለው ግማሽ ደግሞ በገንዘብ ተገዝቶ የማይመጣ፣ ያሉት ሰዎች ሳያልፉ ብቻ የሚገኝ ነው።